ጥያቄና መልስ፦ ከጅማ ወደ ታጁራ ዳርቻ በሦስት መኪና

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የምንኖር የአንድ እቁብ አባላት ነን። ለሁለት ዓመት ያህል ከየዕጣው ጥቂት እየቀነስን ባጠራቀምነው ገንዘብ ከጥምቀት በኋላ በሦስት መኪና ወደ ጅቡቲ ወርደን፣ ከከተማው ይልቅ ሰው የማይበዛበትን የበረሃ ዳርቻ ከታጁራ እስከ ኦቦክ፣ ከዚያም እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ለማየት አስበናል። መኪኖቹ አንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ፣ አንድ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘርና አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ናቸው። አባቴን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች እንሆናለን። አባቴ የ71 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና በጆንያ እያስሞሉ ወደ ወደብ ሲልኩ ኖረው ወደቡንም ባሕሩንም አላዩም፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጉዞው ይቻላል? ምን እናዘጋጅ? አባቴንስ ልውሰዳቸው ወይስ ላስቀራቸው?
የእቁቡ ጸሐፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ ጉዞው ይቻላል፤ በደብዳቤዎ ላይ እንደ ተጻፈው ግን አይደለም። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሉ ጅማ ይቀራል፣ ከኦቦክ ወዲያ ያለው ሰሜናዊ ጫፍ ከዕቅዱ ይወጣል፤ አባትዎ ግን፣ ብዙ አንባቢ ተቃራኒውን እንደሚጠብቅ ባውቅም፣ ሊሄዱ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ምክንያቶቹን ከማስረዳቴ በፊት በደብዳቤዎ ውስጥ ያጣሁትን አንድ ነገር ላንሣ። መኪናውን፣ ገንዘቡንና ወሩን ነግረውኛል፤ «አሁን እንመለስ» የሚለው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አልነገሩኝም። እቁባችሁ ዳኛ አለው፤ ጉዞውም ዳኛ ያስፈልገዋል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅማ የተነሣን ዘጠኝ ሰዎች በሁለት መኪና በዚሁ ዳርቻ ስንጓዝ እኔ ከፊተኛው መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ከታጁራ ወደ ኦቦክ በሚወስደው መንገድ ላይ ሾፌራችን ጨዋታ ይዞ፣ እኛም ዓይናችንን ባሕሩ ላይ ጥለን፣ የኋላውን መኪና በመስተዋት አንድ ጊዜ እንኳ ሳናይ ግማሽ ሰዓት ያህል ነዳን። ያ መኪና ጎማው ተንፍሶ ቆሟል፤ ስኮርታው ነፋስ እንደሌለው ደግሞ ከጅማ ስንነሣ የመረመረ ሰው አልነበረም። ክሪኩም የውኃው ጀሪካን ሁሉ የተጫነውም በእኛ መኪና ላይ ነበር። ስልክ አልሠራም። እኛም መጥፋታቸውን ካወቅን በኋላ «ይደርሱብናል» እና «እንመለስ» በሚሉ ወገኖች ተከፍለን፣ የሚወስንልን ሰው ስላልነበረ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ተከራከርን። ተመልሰን ስናገኛቸው አራቱ ሰዎች ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ አንዷ ጓደኛችን ማስመለስ ጀምሯት ነበር። ማንም አልሞተም፤ ወሩም እንደ እናንተው ጥር ነበር። ሰኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከጅማ ሳትወጡ ሦስት ሰዓት ወስዳችሁ ተነጋገሩ። ዳኛው ይመረጥ፤ የሚመረጠውም ለማየት የቸኮለው ሳይሆን ለመመለስ የማያፍረው ሰው ይሁን። እርሱ ተመለሱ ሲል ክርክር የለም፤ ክርክሩ ማታ እራት ላይ ይደረግ። የፊተኛው መኪና የኋላውን በመስተዋት ማየት ባቆመ ጊዜ ይቆማል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ካልመጣለት ዞሮ ይመለሳል። ውኃ፣ ክሪክና የመጎተቻ ገመድ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ለየራሱ ይጫናል። ደካማው መኪና ከፊት ይሄዳል እንጂ ከኋላ አይሆንም፤ ምክንያቱም ፊት ያለ መኪና ሲበላሽ ሁሉም ያየዋል።

ወደ መንገዱ ልግባ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ድንበር እስከ ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለእናንተ ግን ከተማው ድረስ መውረድ ግዴታ አይደለም፤ ከጅቡቲ ከተማ ቀደም ብላ ከምትገኘው ዌአ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ጉበት የሚባለውን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ታጁራ ያደርሳል። ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ሾፌር ጋላፊ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያንቀላፋ ይገኛል። ሦስት ቀን መድቡና ሁለት ሌሊት በመንገድ እደሩ፤ ለምሳሌ አንዱን አዳማ፣ ሁለተኛውን ሎግያ። በሌሊት አትንዱ። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚያልፈው በዚህ መስመር በመሆኑ ተሳቢ የጫኑ ከባድ መኪኖች ያለ ዕረፍት ይመላለሱበታል፤ መብራት ሳያበሩ የቆሙ ተሳቢዎችና አስፋልት ላይ የተኙ ግመሎች ለሌሊት ሾፌር እኩል አደገኛ ናቸው። በገዋኔና በአዳይቱ አካባቢ አልፎ አልፎ ግጭት ስለሚነሣ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ለወራት የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱን ስለሰነጣጠቀው፣ በተነሣችሁበት ሳምንት የመንገዱን ሁኔታ በመስመሩ ላይ ከሚሠሩ ሾፌሮች መጠየቅ አለባችሁ። ቡና ጭነው የሚወርዱ ሾፌሮችን አባትዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

ስለ ወረቀት አጭር ልሁን። ፓስፖርት፣ ከጅቡቲ ኤምባሲ የሚገኝ የመግቢያ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ ባለቤቱ አብሮ ከሌለ ውክልና፣ ከጉምሩክ ደግሞ መኪናው በጊዜያዊነት ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን የሚያሳይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሆነው ኢንሹራንስ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ይባላል፤ ከመድን ድርጅታችሁ ጠይቁ፤ ጅቡቲም ኢትዮጵያም በሥርዓቱ ውስጥ ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪናውን ያስቀረሁት ጠልቼው አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ጅማና አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሎግያ እስከ ኦቦክ ድረስ በሚያቃጥል ሙቀት የሚሄድ፣ ወለሉ ዝቅ ያለና ለከተማ የተሠራ አውቶሞቢል ባትሪው ቢያልቅ የሚጎትተው መኪና ለራሱም ይቸገራል። በሁለቱ መኪኖች ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ከነውኃው ተጭኖ በረሃ አይገባም። ሦስተኛ ፎር ዊል መኪና ተከራዩ፤ ከተቻለ ጅቡቲ ላይ ከአፋር ሾፌር ጋር። እንዲህ ያለ ሾፌር በኪራዩ ላይ የሚያስጨምረውን ገንዘብ ገና በመጀመሪያው ቀን በሥራው ይክሳል።

አሁን ስለ ውኃ። እኛ ጅማዎች ውኃን የምናውቀው ከላይ ሲወርድ፣ በአዌቱ ወንዝ ሲያልፍና በቦዬ ረግረግ ሲተኛ ነው፤ የሚያስቸግረን ሲበዛ እንጂ ሲጠፋ አይደለም። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኖረ ሰውነት ሰመራ ሲደርስ 430 ሜትር ገደማ ላይ፣ ታጁራ ሲደርስ ደግሞ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ከሙቀቱ ጋር ለመላመድ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ ያ ጊዜ የላችሁም። ዳርቻው እርጥበት ስላለው ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ላብ ሲደርቅ እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። በዚህ የተነሣ ጥር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም እንኳ ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል። ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር የሚጠጣ ውኃ ይያዝ፤ ለአሥራ አንድ ሰው 66 ሊትር ይሆናል። ከታጁራ ወጥቶ ለመመለስ ሁለት ቀን፣ ለብልሽት መጠባበቂያ አንድ ቀን ሲታሰብ 200 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አሥር ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ለራዲያተር የሚሆነው ከዚህ ውጭ በእያንዳንዱ መኪና አንድ ጀሪካን ይጫን። ውኃው 200 ኪሎ ስለሚመዝን ከጣራ ላይ አትስቀሉት፤ ወለሉ ላይ ተከፋፍሎ ይታሰር።

የሚጠጣው ሰው እስኪጠማው አይጠብቅም፤ ዳኛው በየሰዓቱ ያስጠጣል። ከውኃው ጋር ጨው ያስፈልጋል፤ ቆሎ፣ ጭኮና በሶ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት ይበልጣሉ፤ ሥጋና ወጥ ግን ቀን አትያዙ። በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት የያዘው የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ከየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ ስለሚገኝ ሃያ ያህል ግዙ። ከመካከላችሁ ጫት የሚቅም ካለ፣ በጅማ ላይ ይህን መጠየቅ እንደሚያስቅ ባውቅም፣ መኪናው በረሃ ባለበት ቀን ይተወው፤ ጫት ልብን ያስመታል፣ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፣ ርሃብንና ድካምን ስለሚሸፍን ሰውየው መዳከሙን የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ሰው መዘባረቅ ከጀመረ፣ ቆዳው ከጋለ፣ መራመድ ካቃተው ጉዞው ቆሟል ማለት ነው፤ ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሱን ፍቱለት፣ ገላውን በውኃ እያረጠባችሁ አራግቡለት፣ ወደ ታጁራ ሆስፒታልም ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አይሰጥም።

የቀኑን አሠራር እንዲህ አድርጉት፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ እስከ 5 ሰዓት ንዱ፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ጥላ ሥር አረፉ፤ ከዚያ በኋላ አጭር ጉዞ ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ ከሞኝነቴ የተማርኩት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅቡቲዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ በመሆኑ ጀልባ ለ«7 ሰዓት» የተቀጠረ ሰው በእኛ 1 ሰዓት ላይ ካልተገኘ ጀልባው ሄዷል።

ጥርጊያ መንገዱን ለቃችሁ አሸዋ ላይ ከወጣችሁ የጎማውን ነፋስ አስፋልት ላይ ከሚሞላው ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አድርጉ፤ ጎማው ተደላድሎ ስለሚረግጥ አይሰጥምም። ስትመለሱ የምትሞሉበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ ግን አታራግፉ፤ በልል ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን ይፈነዳዋል። ማዕበል ባረጠበው አሸዋ ላይ መንዳት ለፎቶ ያምራል፤ ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ግን መኪናውን የሚያወጣ ጎሚስታ በዚያ የለም። ከዚህ ይልቅ የምፈራላችሁ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መተኛትን ነው። የጅማ ሰው ድንኳን ሲተክል ወንዝ ዳርና ዛፍ ይፈልጋል፤ በዚያ አገር ግራሮቹ የሚገኙት ደግሞ ደረቅ ወንዙ ውስጥ ነው። ከላይ በጎዳ ተራሮች ዝናብ ቢጥል እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። ጥላ ባይኖረውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ እደሩ።

መንገድ ላይ የአፋር ሰው ስታገኙ አትቸኩሉ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቆሞ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንዳየ፣ የቱ ወንዝ እንደ ፈሰሰ፣ የማን ግመል እንደ ጠፋ በዝርዝር ይነጋገራል። ሰላምታውን በሁለት ቃል ቆርጦ «መንገዱ ደህና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ትክክለኛ መልስ የማግኘት መብቱን ራሱ ያጣዋል። ሩብ ሰዓት ቁሙ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ አይከፋም።

ስለሚታየው ነገር ብዙ ማለት አልሻም፤ ዓይናችሁን ላለመቅደም ነው። አሳል ሐይቅን ግን አትዝለሉት። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ጨዋማነቱም ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ጠርዙ ላይ ባዶ እግር አይኬድም። በሐይቁና በጉበት መካከል ያለው ጥቁር ድንጋይ ሜዳ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ አካባቢ ሲሆን እርሱ የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ አባትዎ ያስታውሱት ይሆናል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ይታያል፤ የሚበላው ጥቃቅን ተንሳፋፊ ፍጥረታትን ስለሆነ ሰው አይነካም፤ ሰውም እርሱን መንካት የለበትም። ዋና የማይችል ሰው ያለ ሕይወት አድን ጃኬት ጀልባ አይውጣ፤ ከአሥራ አንዳችሁ ስንቶቻችሁ እንደምትዋኙ ደብዳቤዎ አይገልጽም፤ ነገር ግን በአዌቱ ዳር ያደገ ሰው ስለ ዋና የሚያወራውን ያህል እንደማይዋኝ አውቃለሁ። ከታጁራ በላይ በጎዳ ተራሮች ላይ የሚገኘውን የዳይ ደን ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ብታተርፉ ጽዱን ስታዩ ቤታችሁ የተመለሳችሁ ይመስላችኋል።

ከኦቦክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ራስ ሲያንና ባብ ኤል መንደብ አትሂዱ ያልኩት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ ነው። የቀይ ባሕር መግቢያ የሆነው ይህ የባሕር መተላለፊያ በጠበበበት ስፍራ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ስላለውና ማዶው የመን ስለሆነ አካባቢው የወታደር ጥበቃ አለበት፤ ከዚያ አልፎ ያለው ራስ ዱሜራ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ጅቡቲና ኤርትራ የተታኮሱበት ቦታ ነው። ፈቃድና የአገሩ መሪ የሌላቸው ሁለት ሦስት የኢትዮጵያ ታርጋ መኪኖች በዚያ ሲታዩ ማንም ቱሪስት ናቸው ብሎ አይጀምርም። ድሮንም ጅማ ይቅር። ወደብና ጦር ሰፈር ፎቶ አታንሡ፤ በጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣልያን ጦር ሰፈሮች ስላሉ ሳያውቁ ማንሣት ቀላል ነው።

ስለ አባትዎ። ሐኪማቸው ከፈቀዱ ውሰዷቸው፤ ነገር ግን ከታጁራ አያልፉም። ታጁራ ላይ ማረፊያ ቤት፣ ሆስፒታልና ባሕሩ ሁሉም አሉ፤ እናንተ ኦቦክ ሄዳችሁ እስክትመለሱ አንድ ሰው አብሯቸው ይቆይ። ኢንሱሊኑ በበረዶ ሳጥን ይያዝ፤ በረዶውን እንዳይነካ ግን በፎጣ ይጠቅለል፤ ኢንሱሊን ከጋለም በረዶ ከሆነም ይበላሻልና። ሁለት ቦታ ተከፍሎ በሁለት መኪና ይጫን። ሙቀት ኢንሱሊን ቶሎ እንዲሠራ ስለሚያደርግ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ መለኪያውን በቀን ደጋግማችሁ ተጠቀሙ፤ ከረሜላ ከኪሳቸው አይጥፋ። ባሕሩን የሚያዩት ደግሞ ማለዳ ይሁን። ከጉበት በላይ መንገዱ ከፍ ብሎ ባሕሩ በአንድ ጊዜ የሚገለጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ መኪናውን አቁማችሁ ውረዱላቸው፤ ማንም ፎቶ እንነሣ ብሎ አይቸኩላቸው።

አንድ የቀረ ነገር፤ ዘንድሮ ካልተሳካላችሁ ለከርሞ ስታቅዱ ቀኑን ተመልከቱ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ2019 ዓ.ም. የሚገባው የካቲት መጀመሪያ አካባቢ፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጥር ውስጥ ነው። በጾሙ ወር ታጁራ ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ሾፌሩም ጾመኛ ነው።

ጥያቄ፦ በጅማ የምሠራ ነርስ ስሆን ከላይ በተጠየቀው መንገድ ከጓደኞቼ ጋር ለመሄድ አስቤያለሁ። በዚያ ዳርቻ ወደ የመን የሚሄዱ ወገኖቻችን በእግር ሲጓዙ ይታያሉ ይባላል። ብናገኛቸው ምን እናድርግ? መኪና ላይ ማሳፈርስ ይቻላል?
ከጅሬን

መልስ፦ ታገኟቸዋላችሁ። ከአሳል አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ኦቦክ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ በማለዳና በምሽት፣ በእጃቸው ሁለት ሊትር የማይሞላ ጠርሙስ የያዙ ወጣቶች በአንድ መስመር ሲጓዙ ይታያሉ፤ መስኮት ዝቅ ስታደርጉም የምትሰሙት አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው። ለሽርሽር በወጣ ሰው ላይ ይህ ከባድ ነው፤ ከባድም ሊሆን ይገባል። ውኃ ስጡ፤ ለዚህ ብላችሁ ከላይ ከተባለው ሒሳብ ውጭ ሁለት ሦስት ጀሪካንና ኦ.አር.ኤስ. ጨምራችሁ ጫኑ። ጥም ለጸናበት ሰው ውኃው በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ፎቶ አታንሷቸው።

ማሳፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውን ድንበር ለማሻገር ማጓጓዝ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በጅቡቲም ያስጠይቃል፤ ኬላ ላይ የተያዘ ሾፌር አዝኜ ነው ቢል የሚሰማው የለም። ሕይወቱ ያሰጋ ሰው ካጋጠማችሁ በአቅራቢያው ላለው ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ወዲያው አሳውቁ፤ እናንተ የሕክምና ባለሙያ ስለሆናችሁ የመጀመሪያውን ርዳታ ስጡ። መመለስ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት፣ አይ.ኦ.ኤም.፣ የስደተኞች መርጃ ማዕከል እንዳለው ንገሩት፤ በፈቃዱ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ያመቻቹለታል። ይህን መረጃ አንድ ወጣት ብቻ ቢሰማው እንኳ ቀላል አይደለም፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያ አቅራቢያ 77 ሰዎች የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ16 ያላነሱ ሞተዋል፤ ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ሕፃናትም ነበሩ።

ጥያቄ፦ መኪና የለንም። በባቡር ሄዶ ይህንኑ ዳርቻ ማየት ይቻላል?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ይቻላል፤ ለብዙ ሰውም የተሻለው ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። በየቀኑ ስለማይነሣ ትኬቱን ሳትቆርጡ ከጅማ አትነሡ። ባቡሩ የሚያቆመው ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ነጋድ በመሆኑ ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጥ ፌሪ አለ፤ የሚነሣበትን ቀን ወደቡ ላይ ጠይቁና ፎር ዊሉን ታጁራ ላይ ተከራዩ። ከፌሪው በቀኝ በኩል ተቀመጡ ይሏችኋል፤ እኔ ግን ጥላው በየትኛው በኩል እንደ ሆነ አይታችሁ ተቀመጡ እላለሁ።